ብቻውን የቆመ ሰው ሙግት

የብቻ ንግግር በአሳዛኝ ተውኔት ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ ሰው ሁሉ ሄዶለት፣ ወይም ሄዶልኛል ብሎ አምኖ፣ የልቡን ጮክ ብሎ የሚያወጣበት ስልት ነው። በትያትር ትምህርት ቤት ሶሊሎኪ ይሉታል። መነባንብ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም። መነባንብ ሰሚ ፊት ሊባል ይችላል፤ የብቻ ንግግር ግን ተናጋሪው ማንም አይሰማኝም ብሎ ሲያስብ የሚመጣ ነው። አዳራሹ ግን ይሰማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ መድረክ ላይ ያሉት ሰዎች የማያውቁትን ምስጢር ይዞ ይቀመጣል፤ ገጸ ባሕርዩም በኋላ አደባባይ ወጥቶ የሚናገረው ቃል ሁሉ በዚያ ምስጢር ይመዘናል።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የብቻ ንግግር የገጸ ባሕርዩን እውነተኛ ማንነት ይገልጣል ብለው ያልፋሉ። ነገሩ በግማሽ ትክክል ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን የሰውን ዓይን አይፈራም፤ ራሱን ግን ያታልላል፣ ምክንያት ይፈጥራል፣ ከማይፈልገው ሐሳብ ይሸሻል። በታላላቆቹ ትራጀዲዎች የብቻ ንግግር ኑዛዜ ከመሆኑ ይልቅ ሙግት ነው። ተናጋሪው ከራሱ፣ ከሞተ ሰው ወይም ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል። ባሕርዩ የሚታወቀውም በሚናገረው ብቻ ሳይሆን ባለጋራው ማን እንደሆነና የትኛውን ጥያቄ ዘሎ እንዳለፈ በማየት ነው። የኢትዮጵያ መድረክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ አለው፤ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»።

ከኮረስ ወደ ባዶ መድረክ

በጥንቱ የግሪክ ትራጀዲ መድረኩ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። ኮረስ የሚባለው የዝማሬ ቡድን አንዴ ከገባ እስከ ፍጻሜው ድረስ አይወጣም ማለት ይቻላል። የኤውሪፒደስ ሜዲያ ልጆቿን ልግደል አልግደል እያለች ከራሷ ጋር ስትታገል እንኳ የቆሮንቶስ ሴቶች አጠገቧ ቆመው ይሰማሉ። ሶፎክልስ በ«አጃክስ» ይህን ልማድ ሰበረው። ኮረሱን ጀግናውን ፍለጋ አስወጥቶ መድረኩን አጸዳ። አጃክስ ሰይፉን መሬት ላይ ተክሎ ለአማልክቱ፣ ለፀሐይና ለትውልድ አገሩ ለሳላሚስ ይሰናበትና በሰይፉ ላይ ይወድቃል። ጥቂት ቀደም ብሎ በሰው ፊት ሲናገር ወዳጆቹ ቁጣው በርዶለታል ብለው ተጽናንተው ነበር። ተመልካቹ የሁለቱን ንግግሮች ርቀት ሲያይ የሰውየውን ኩራት ይረዳል፤ ለማሸነፍም ለመለመንም የማይመች ሰው ነው።

ስልቱ ሙሉ ጉልበቱን ያገኘው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ለንደን ውስጥ ነው። ክሪስቶፈር ማርሎ ነፍሱን ለዲያብሎስ የሸጠውን ዶክተር ፋውስተስን በመጨረሻ ሰዓቱ ብቻውን ያቆመዋል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ይመታል፤ ንግግሩ ገና ሳያልቅ ግማሹ፣ ከዚያም እኩለ ሌሊት ይደውላል። ሊቁ የተማረው ሁሉ አንዲት ደቂቃ ሊገዛለት አይችልም። የተውኔቱ ጭብጥ፣ የእውቀት ጥማትና ዋጋው፣ በዚያች አንዲት ሰዓት ውስጥ ተጠቃሎ ይሰማል።

ሼክስፒር የሚጽፍለት መድረክ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነበር። በ1599 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራው ግሎብ ትያትር መሐሉ ጣሪያ የሌለው፣ ተውኔትም በቀን ብርሃን የሚታይበት ቤት ነው። ተመልካቹ መድረኩን በሦስት በኩል ከቦ ይቆማል። ተዋናዩ ብቻዬን ነኝ ቢልም የሚያየው ፊት ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ የሼክስፒር ገጸ ባሕርያት ብቻቸውን ሲናገሩ ወደ ውስጥ እያጉረመረሙ አይደለም፤ ያልተሰየመ ዳኛ ፊት ቆመው ጉዳያቸውን ያስረዳሉ።

ሐምሌት፣ ኢያጎ፣ ማክቤዝ

ሐምሌት ሰባት የብቻ ንግግሮች አሉት ተብሎ ይቆጠራል። የመጀመሪያው የሚመጣው የተገደለ አባቱን ሙት መንፈስ ከማየቱ በፊት ነው። ልዑሉ ገና ስለ ግድያው የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያንገበግበው እናቱ ባሏ በሞተ በወሩ አጎቱን ማግባቷ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሕይወትን የሚጠላው የበቀል ሸክም ከመጫኑ አስቀድሞ ስለሆነ፣ ኋላ ለምን ይዘገያል የሚለው ጥያቄ መልሱ ከፊሉ እዚህ ተቀምጧል። በሁለተኛው ገቢር ላይ አንድ ተጓዥ ተዋናይ ስለ ትሮይ ንግሥት ስለ ሄኩባ እየተረከ ያለቅሳል። ሐምሌት ብቻውን ሲቀር ለማያውቃት ሴት ይህን ያህል ያነባ ሰው አለ፣ የእኔ አባት ተገድሎ እኔ ምን ሠራሁ እያለ ራሱን ይሳደባል። ስድቡ ሲያበቃ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ በሰይፍ አይወጋም፤ ተውኔት አሳይቼ የአጎቴን ፊት አጠናለሁ ብሎ ይወስናል። የሚያስብ ሰው ለሥራ የሚመርጠው መሣሪያም ሐሳብ ነው።

ስለ መኖርና አለመኖር የሚያወጣ የሚያወርድበት ሦስተኛው ገቢር ላይ ያለው ንግግር ከሁሉ ይበልጥ የታወቀ ነው። በዚያ ንግግር ውስጥ አባቱ የለም፣ አጎቱ የለም፣ ሙት መንፈሱም የለም። ከሞት አገር ተመልሶ የመጣ መንገደኛ እንደሌለ ይናገራል፤ የአባቱን መንፈስ ግን በዓይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል። ሐምሌት በዚህች ደቂቃ የራሱን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ትቶ ስለ ሰው ሁሉ ይናገራል፤ ከገዛ ሕይወቱ የሚሸሸው ወደ ፍልስፍና ነው። ከዚህም በላይ ብቻውን አይደለም። ንጉሥ የሆነው አጎቱና አማካሪው ፖሎኒየስ ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀው ያደፍጣሉ፤ የፖሎኒየስ ልጅ ኦፊሊያም መጽሐፍ ይዛ እዚያው አለች። ስለላ የበዛበት ቤተ መንግሥት ውስጥ ለብቻ መሆን እንኳ የሚሰረቅ ነገር እንደሆነ ተውኔቱ ሳይናገር ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሐምሌት የብቻ ንግግሮች እየተለወጡ ይሄዳሉ፤ በአምስተኛው ገቢር ላይ አንድም የለም። ሞቱን የተቀበለ ሰው ከወዳጁ ከሆራሺዮ ጋር በጸጥታ ይነጋገራል እንጂ ከራሱ ጋር መሟገቱን ትቷል።

የዚያው ተውኔት ረቂቅ ስፍራ ግን የአጎቱና የጠላቱ የክላውዲየስ ጸሎት ነው። ንጉሡ ብቻውን ተንበርክኮ ወንድሙን መግደሉን ያምናል፤ ነገር ግን ለመግደል ያነሣሡትን ነገሮች፣ ዘውዱንና ንግሥቲቱን፣ እንደያዘ ይቅርታ ይደረግልኛል ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ራሱ ያውቀዋል። ሐምሌት ሰይፍ መዝዞ ከኋላው ይደርስና በጸሎት ላይ ያለ ሰው ብገድል ገነት እልከዋለሁ ብሎ ሰይፉን ይመልሳል። ሐምሌት ከወጣ በኋላ ንጉሡ ይነሣና ጸሎቱ ወደ ሰማይ እንዳልደረሰ ይናገራል። ሁለቱም ብቻቸውን ተናግረዋል፣ አንዱ የሌላውን አልሰማም፤ ሁለቱንም የሰማው አዳራሹ ነው። ንስሐ ከኃጢአት ፍሬ ጋር አብሮ አይኖርም የሚለውን ሐሳብ ሼክስፒር በምንም ስብከት አላስቀመጠውም፤ በአንድ ያልተፈጸመ ጸሎት አስቀምጦታል። ከንስሐ አባት ፊት ቀርቦ የወሰደውን ሳይመልስ ፍታኝ የሚል ሰው ምን እንደሚባል ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ተመልካች ትዕይንቱ ባዕድ አይሆንም።

በ«ኦቴሎ» ደግሞ ሼክስፒር ሚዛኑን ሆን ብሎ አዛባ። ደጋግሞ ብቻውን የሚናገረው ጀግናው ሳይሆን ጠላቱ ኢያጎ ነው። ተመልካቹ ወደደም ጠላም የሴራው ተባባሪ ይሆናል፤ ወጥመዱ የት እንደተዘረጋ እያወቀ ኦቴሎ ወደዚያ ሲሄድ ያያል። ኢያጎ በየንግግሩ የጥላቻውን ምክንያት ይቆጥራል። ሹመቱን ካሲዮ ወሰደብኝ፤ ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ተኝቷል ይባላል፤ ሚስቱን ዴዝዴሞናን እኔም እወዳታለሁ፤ ካሲዮንም በሚስቴ እጠረጥረዋለሁ። ምክንያቱ በበዛ ቁጥር ማሳመኑ ይቀንሳል። እንግሊዛዊው ባለቅኔና ሐያሲ ኮልሪጅ ኢያጎን ለክፋቱ ምክንያት እያሳደደ የሚፈልግ ሰው አድርጎ ያየው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ብቻውን ሆኖም የሚዋሽ ሰው አለ፤ የሚዋሸው ለራሱ ነው። ኦቴሎ በበኩሉ ጥቂት ጊዜ ብቻውን ይቀራል። ጥርጣሬው ከገባ በኋላ ሚስቱ የራቀችው በቆዳው ጥቁረት፣ በአነጋገሩ ሸካራነት ወይም በዕድሜው እንደሆነ ያሰላስላል። በአደባባይ ኩሩ የጦር አለቃ የነበረው ሰው የተደበቀ ቁስሉ የሚታየው በእነዚያ ጥቂት ስንኞች ነው። መጨረሻ ላይ መብራት ይዞ ወደተኛችው ሚስቱ ሲገባ የሚናገረው ቋንቋ የዳኛ ቋንቋ ነው፤ ቅናቱን ፍትሕ ብሎ ሰይሞታል።

ማክቤዝ ከሁሉም ይለያል፤ ክፋቱን በትክክል ያውቀዋል። ንጉሡን ዳንከንን ለመግደል በተዘጋጀበት ሌሊት ብቻውን ቆሞ ነገሩን ይመዝናል። ንጉሡ ዘመዱ ነው፣ ጌታው ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እቤቱ ያረፈ እንግዳው ነው። በአንድ ወገን ይህ ሁሉ ተቆልሎ በሌላው ወገን ከሥልጣን ጥም በቀር የሚያስቀምጠው አያገኝም። ቢሆንም ይገድላል። እንግዳን ቤት አስገብቶ መግደል ምን ያህል ነውር እንደሆነ ማስረዳት በማያስፈልግበት አገር ይህ ንግግር ሲሰማ ግርጌ ማስታወሻ አይፈልግም። ቀጥሎ የሚመጣው በአየር ላይ የምታንዣብበው ጩቤ ናት፤ ኅሊናው እየፈራ እጁ ይሄዳል። ከነገሠ በኋላ የሚያሰላስለው ልግደል አልግደል ሳይሆን ማንን የሚለውን ነው። ሚስቱ ደግሞ በመጀመሪያው ገቢር ላይ ብቻዋን ቆማ ርኅራኄን ከውስጤ አውጡልኝ ብላ የጨለማ መናፍስትን ትጠራለች። በአምስተኛው ገቢር እንቅልፍ ላይ ሆና ስትሄድ፣ ከእጇ ላይ የሌለ ደም ስታጥብ፣ ሐኪምና ደንገጡር ይሰሟታል። የመጀመሪያው ንግግር በስንኝ ነበር፤ ይሄኛው በተቆራረጠ ዝርው ነው። የሴትየዋ መፈራረስ በምን ተናገረች ብቻ ሳይሆን በአነጋገሯ ቅርጽ ይሰማል።

ረጅሙ ስንኝ

የአማርኛ ትያትር በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ሲጀምር ስላቅ ነበር፤ እንስሳት የሚናገሩበት ኮሜዲ። ሐዘናዊው ድራማ ኋላ መጣ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ግጥም አምጥተዋል። ዡልየት ሰው የለም ብላ በሰገነቷ ላይ የምትናገረውን ሮሜዎ ከታች ሆኖ የሚሰማበት ትዕይንት የተደመጠ የብቻ ንግግር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኮርመም ቀርቶ ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ይሄዳል።

የብቻ ንግግርን የአማርኛ መድረክ ዋና ኃይል ያደረገው ግን ፀጋዬ ገብረ መድኅን ነው። አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በለንደን ሮያል ኮርትና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የትያትር ትምህርት ቀስሞ፣ «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሰ። ያጋጠመው አንዱ ችግር የስንኝ ልክ ነው። በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው የወል ቤት ስንኙን ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፍለዋል። ለቅኔም፣ ለምሳሌያዊ ንግግርም፣ ለሙሾም ይስማማል፤ ሐሳቡን ቶሎ ይዘጋዋል፣ ቤት ይመታል፣ ያርፋል። የሚያመነታ ሰው ግን ቶሎ ማረፍ የለበትም። ፀጋዬ የሚወደው፣ የሥነ ግጥም መምህራንም በስሙ የፀጋዬ ቤት ያሉት ስንኝ ስምንት ስምንት ቀለም የሚይዝ ነው። በዚያ ርዝመት ውስጥ ሐሳብ ተነሥቶ፣ ተጠራጥሮ፣ መሐል ላይ ተጠማዞ ሊመለስ ይችላል። ተዋናዩም ትንፋሹን ማስላት አለበት፤ የቱ ላይ እንደሚተነፍስ ካላወቀ ሐሳቡ ይቆረጥበታል።

ተመልካቹም ለዚህ ድምፅ ጆሮው ዝግጁ ነበር። ብቻውን የሚያንጎራጉር ሰው፣ ሬሳ አጠገብ ሙሾ የምታወርድ ሴት፣ ከጦር በፊት ቀረርቶ የሚያሰማ ተዋጊ፣ ሥዕል ፊት ቆሞ ከእመቤታችን ጋር እንደ እናት የሚነታረክ ምእመን በየቤቱ የታወቀ ነው። በጽጌ ጾም «ሰቆቃወ ድንግል» በየቤተ ክርስቲያኑ ይዜማል። ራዲዮም የራሱን ድርሻ ጨመረ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ብዙ ሰው ሆኖ ሲመጣ ትያትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሁሉ ሰማው። ዋና ዋናዎቹ ትያትር ቤቶች አዲስ አበባ ውስጥ በመሆናቸው በዙሪያዋ ላሉት ለዱከም፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ዋናው መድረክ ራዲዮ ነበር።

ያቺ ሰዓት

እነዚህ ዙሪያ ከተሞች የሚገኙባቸው መንገዶች ከፀጋዬ ዋና ትራጀዲ ከ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ታሪክ ጋር ይገናኛሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች ጣሊያን የያዘውን አዲስ አበባን በየአቅጣጫው ለማጥቃት ተነሡ። ከፍቼ የተነሣው የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር የመጣው ዛሬ የሱሉልታ መንገድ በሚገኝበት በሰሜን በኩል ነው፤ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከምሥራቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ ከደቡብ ምዕራብ እንዲያጠቁ ታስቦ ነበር። ክረምት ነው፤ ወንዝ ሞልቷል፣ መልእክት ይዘገያል፣ ጦሩ በአንድ ሰዓት ሊገጥም አልቻለም። ጥቃቱ ከሸፈ። ከአበራ ካሣ ጦር ጋር የነበሩት፣ በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ። በማግሥቱ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አደባባይ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ፀጋዬ የተወለደው በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር ነው።

ታሪክ የጠበቀው የአቡኑን የአደባባይ ቃል ነው፤ ለወራሪ የተገዛውን ማውገዛቸውን፣ ምድሪቱም እንዳትገዛ መገዘታቸውን። ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «የደም ድምፅ» በተባለው ተውኔታቸው ይህን ሰማዕትነት ወደ መድረክ አምጥተውት ነበር። ፀጋዬ የመረጠው ሰው የማያየውን ሰዓት ነው፤ ጳጳሱ ብቻቸውን ሆነው ሞታቸውን የሚጠብቁበትን። ንግግሩ ከተውኔቱ ወጥቶ በ1966 ዓ.ም. በታተመው «እሳት ወይ አበባ» ውስጥም ይገኛል፤ በአማርኛ ከተጻፉት የብቻ ንግግሮች ሁሉ ይህን ያህል ሰው በቃሉ የያዘው ሌላ አይኖርም።

ጴጥሮስ የሚሟገቱት ከጣሊያን ጋር አይደለም። ባለጋራቸው እመ ብርሃን ናት። ኢትዮጵያን እንዴት ጨክነሽ ተውሻት ብለው ይወቅሷታል። ጳጳስ ናቸውና የሚጠበቅባቸው ምስጋናና መጽናናት ነበር፤ ወቀሳው ግን ከእምነት ማነስ የመጣ አይደለም። የሚነታረክ ሰው ሰሚ አለኝ ብሎ ያመነ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ልጅነታቸው ይመለሳሉ፤ የጳጳስ ልብስ ከመልበሳቸው በፊት ወደነበረው የገጠር ልጅ። ከዚያም ከሁሉ የሚከብደው ይመጣል፤ ብቻቸውን እንደሆኑና እንደፈሩ ይናገራሉ። ሐውልት የቆመለት ሰማዕት፣ ከመሞቱ በፊት፣ መሸሸጊያ ጥግ የሚፈልግ ሰው ነው። ተውኔቱ ጀግንነትን የፍርሃት አለመኖር አድርጎ ቢያቀርበው ኖሮ ጴጥሮስ ሥዕል ሆነው ይቀሩ ነበር። ፍርሃቱ ሳይጠፋ ተነሥቶ መሄድ ይቻላል የሚለው ጭብጥ ለተመልካቹ የሚደርሰው አቡኑ ለገዳዮቹ ከተናገሩት ሳይሆን ለእመቤታችን ካመለከቱት ነው። የሁለቱ ንግግሮች ርቀት ከአጃክስ ጋር ሲነጻጸር አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። አጃክስ በሰው ፊት ለስልሶ ብቻውን ሲሆን ይጸናል፤ ጴጥሮስ ብቻቸውን ሲሆኑ ይርዳሉ፣ ሰው ፊት ሲቀርቡ ይጸናሉ።

ንግግሩ ዛሬ ከትያትር ቤት ይልቅ የሚኖረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዳማው መንገድ ዳርና ዳር በተዘረጋችው በዱከም፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ በወላጆች ቀን ወይም በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ መነባንብ የሚያቀርብ ተማሪ አይጠፋም። ነጠላ በትከሻው ጣል አድርጎ፣ የእንጨት መስቀል ይዞ፣ ሚኒ ሚዲያው በዘረጋው ማይክሮፎን ፊት ይቆማል። ከግቢው አጥር ውጭ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች ያጉራራሉ፤ ልጁም ድምፁን ከእነርሱ በላይ ያነሣል። ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ጭብጨባውም ከመሐሉ ይጀምራል። ጸሎቱ ፉከራ ሆነ ማለት ነው። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም። በትልልቁ መድረክም ቢሆን የአማርኛ ተዋናይ ረጅም ግጥም ሲያገኝ ደረቱን ነፍቶ የሚያወርድበት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ፈርቻለሁ የሚል ስንኝ በነጎድጓድ ድምፅ ሲባል ግን ቃሉና ድምፁ ይጣላሉ። ንግግሩን በሚገባ ያጠና ተዋናይ ወቀሳውን ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምረዋል፤ እናቱን የሚወቅስ ልጅ አይፎክርም። ድምፁን የሚያነሣበት ቦታ አለው፤ ፍርሃቱን ተናግሮ ካበቃ በኋላ።

መቅደላ ላይ

አንዳንድ ጊዜ ታሪክ ራሱ የብቻ ንግግሩን ጽፎ ለጸሐፌ ተውኔቱ ያቆየዋል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዓርብ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር አሮጌ ላይ በእንግሊዞች ተሸነፈ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዞቹ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር ደብዳቤ አስጻፉ። ደብዳቤው ለጠላት የተላከ ቢሆንም ይዘቱ ሌላ ነው። ግብር ክፈሉ፣ ሥርዓት ያዙ ሲሏቸው እምቢ ያሉ የአገራቸውን ሰዎች ይወቅሳል፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሊዘምቱ እንዳሰቡ ይናገራል። ጦርነቱን ስላሸነፈው ሰው የሚለው ጥቂት ነው። ከዚያ ሽጉጥ አንሥተው ራሳቸውን ሊገድሉ ሲሉ አሽከሮቻቸው ከለከሏቸው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ ግን የከለከላቸው አልነበረም።

ይህን ሰው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ወደ መድረክ አመጡት፤ ፀጋዬ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ኋላም በአማርኛ «ቴዎድሮስ»ን ጻፈ፤ ጌትነት እንየው ደግሞ «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን። ለጸሐፌ ተውኔት ቴዎድሮስ ከጴጥሮስ ይልቅ አስቸጋሪ ናቸው። ጴጥሮስ ምንም ሥልጣን የሌላቸው እስረኛ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ያዝንላቸዋል። ቴዎድሮስ ግን በመጨረሻ ዘመናቸው ብዙ ደም አፍስሰዋል። በአደባባይ ንግግር ብቻ ከቀረቡ ወይ አንድነትን የሚሰብክ ሐውልት፣ ወይ ቁጡ ጨካኝ ይሆናሉ። ሁለቱን በአንድ ሰው ውስጥ የሚያስታርቃቸው ብቻቸውን የሚሆኑበት ሰዓት ነው፤ የወቀሱት ሕዝብ ያልተረዳቸው ሕዝብ ብቻ ሳይሆን የገረፉት ሕዝብም እንደሆነ ለራሳቸው ሊናገሩ የሚችሉት እዚያ ነው። ተውኔቱ ይህን ሙግት በዝምታ ካለፈው ትራጀዲነቱ ቀርቶ የመታሰቢያ በዓል ይሆናል።

የብቻ ንግግር ግን በዘመናዊው ድራማ ውስጥ ቦታው ጠብቧል። ኖርዌያዊው ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰን በበሰሉ ተውኔቶቹ ተወው፤ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ከእውነታው ትያትር ጋር አልተስማማም። ጀርመናዊው ብሬሽት ደግሞ ተዋናዮቹን ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ አዞራቸው፤ ፀጋዬ የእርሱን የእማማ ኩራዥን ተውኔት «እናት ዓለም ጠኑ» ብሎ ወደ አማርኛ አምጥቶታል። ፊልምና ቴሌቪዥን የሰውን ሐሳብ በቅርብ በሚታይ ፊት ወይም ከጀርባ በሚሰማ ድምፅ ያሳያሉ። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ መድረኮች የተወደደው፣ በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የተወነው «እያዩ ፈንገስ» ተመልካቹን ፊት ለፊት ከሚያናግረው ወገን ነው። እያዩ እብድ ተብሎ የተተወ ሰው በመሆኑ ጤነኛው የማይደፍረውን ይናገራል፤ ሰሚውን ያያል፣ ይጠይቀዋል፣ ያስቀዋል። ጴጥሮስ ግን አዳራሹን አያዩትም። ሁለቱም መድረክ ላይ ብቻቸውን ይቆማሉ፤ በአንደኛው ተመልካቹ ተጠያቂ ነው፣ በሌላው ጸሎት የሰረቀ አድማጭ።